ከስልኩ ጀርባ የቆሙት ሽማግሌዎች

ፈትሂያ ከኩዌት የላከችው ስልክ ሳቢር እጅ ከመግባቱ በፊት መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ያላየው ሰው አልነበረም። ስልኩን ያመጣችው አሚራ ናት። አሚራ ከፈትሂያ ጋር በአንድ ሰፈር ያደገች፣ አብራት የተሰደደች፣ አሁን ግን እሷን እዚያው ትታ ጠቅልላ የገባች ልጅ ናት። ከሚኒባስ እንደወረደች ሻንጣዋን እንኳ ቤት ሳታደርስ፣ ሰላም ላላት ሁሉ በሻሽ የተጠቀለለውን ዕቃ ገለጥ እያደረገች "ይሄ የሳቢር ነው" ስትል ሽንኩርት ቸርቻሪዎቹ አዩት፤ ጨው ነጋዴዎቹ አዩት፤ ከወግዲ በቅሎ ሊሸጥ የመጣ ሰውዬ ሳይቀር አይቶ "ማሻአላህ" አለ። ያላየው ሳቢር ብቻ ነው። እሱ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ የሰው ሱሪ ያሳጥር ነበር።

የነገረው ይርዳው ነው። ይርዳው ፀጉር ቆራጭ ነው። ሱቁ ከሳቢር በረንዳ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ወፍራም ቢሆንም ኖሮ የይርዳውን አፍ አያግደውም።

"ሳቢር!" አለ መቀሱን እንደያዘ በበሩ ብቅ ብሎ። "ተነሥ፣ ስልክህ መጥቷል።"

ሳቢር ኪሱን ዳበሰ። "አልጮኸም እኮ።"

"ኪስህ ያለውን አይደለም! የሱን ነፍስ ይማር። አዲሱ መጥቷል ነው የምልህ።"

ኪሱ ያለው ስልክ በእርግጥ ነፍሱ ልትወጣ የደረሰ ነበር። የቁልፎቹ ቁጥር ተፍቆ አልቋል፤ ክዳኑ እንዳይወልቅ በላስቲክ ታስሯል። ግን ይሰማል። ሳቢር ከስልክ የሚፈልገው መሰማቱን ብቻ ነው። ፈትሂያ በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ትደውላለች። እሱም ዓይኑን ከስፌቱ ሳያነሣ፣ ፊቱ የሚቀላውንም ማንም ሳያይበት ያዋራታል። ሳቢር ሰው ፊት ቆሞ ለመናገር የሚያፍር ልጅ ነው። ደንበኛ ሲለካ እንኳ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ የሚያየው መሬት መሬት ነው። ይህንንም ይዞ ይርዳው "የመካነ ሰላምን ሰው በሙሉ በጫማው ያውቀዋል" ይለዋል።

አሚራ ደርሳ ሻሹን ፈታችው። ስልኩ ሰፊ፣ ጥቁር፣ ፊቱ እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። ይርዳው ከሳቢር ቀድሞ ተቀብሎ ገለባበጠው።

"እንግዲህ ይሄንን እንዴት ነው የሚያናግሩት?"

"ትዳብሰዋለህ" አለች አሚራ።

"መዳበስ ከሆነ ለሳቢር አይሆነውም፤ ያፍራል።"

በረንዳው ላይ የነበሩት ደንበኞች ሳቁ። ሳቢርም ወደ መሬት አይቶ ፈገግ አለ። ይርዳው ግን ገና መጀመሩ ነው። "እስኪ በአላህ ንገሪን አሚራ፣ እንዲህ ያለ ስልክ እንዴት ለሰው ይላካል? እሷስ በምን ልታወራ ነው?"

"እሷማ አዲስ ወስዳለች። እዚያ እኮ ስልክ እንደዚህ አገር አይገዛም። ከስልክ መሥመር ኩባንያ ጋር ኮንትራት ትፈርማለህ፤ የሁለት ዓመት ነው። ስልኩን አንተ ትይዛለህ፣ በየወሩ ከደመወዝህ ይቆርጣሉ። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ከፈለግክ ኮንትራቱን ትተዋለህ። ካልሆነም እንደገና ለሁለት ዓመት ትፈርምና አዲስ የወጣውን ስልክ ይሰጡሃል። አሮጌው ያንተው ሆኖ ይቀራል።"

"ይሄ አሮጌው ነው?"

"አሮጌው ነው።"

"ወላሂ እኔም እሄዳለሁ" አለ ይርዳው። "በየሁለት ዓመቱ አማት የሚያድስ ኮንትራትስ የላቸውም?"

እንደገና ሳቅ ሆነ። በዚህ ሳቅ መሀል ሳቢር መርፌውን አቁሞ ቀና አለ። ሳቢር ቀና ሲል ነገር አለ ማለት ነው።

"ፈርማለች?" አለ በቀስታ።

"ምኑን?" አለች አሚራ።

"እንደገና ያልሽውን። ሁለተኛውን ሁለት ዓመት።"

"ሳትፈርምማ አዲሱን እንዴት ይሰጧታል..." አለችና አሚራ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች። ያመጣችው ስልክ ብቻ እንዳልሆነ ገና አሁን ገባት።

ሳቢርና ፈትሂያ ከተጫጩ ቆይተዋል። ሽማግሌዎች ሄደው፣ አባቷ ሼህ ሷሊህ "ልጄን ሰጥቻለሁ" ብለው፣ ዱዓ ተደርጎ አልቋል። ኒካው የቀረው እሷ ጥቂት ሠርታ እስክትመለስ ተብሎ ነው። ጥቂት የተባለው ዓመት ወልዶ፣ ዓመቱም ሌላ ዓመት ወልዶ፣ በመጨረሻ ባለፈው ረመዳን በራሷ አፍ "ለዓረፋ እገባለሁ" ብላው ነበር። አሁን ክረምቱ ገብቷል፤ ዓረፋ ከክረምቱ መውጫ ላይ ነው። ሳቢርም ከማንም ተደብቆ ለራሱ የሰርግ ልብስ ቀዶ ሰፍቶ በሳጥኑ ውስጥ አስቀምጧል። ለሁለት ዓመት ስልክ የፈረመ ሰው ደግሞ ለዓረፋ አይገባም። ይህን ለመረዳት ኩዌት መሄድ አያስፈልግም።

"ደውልና ጠይቃታ!" አለው ይርዳው፣ ሰዉ ሲበተን።

"እንዴት ብዬ?"

"'ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?' በላት። ሦስት ቃል ናት።"

"አፍራለሁ።"

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ። እውነት ነው፤ ሚስትም አትገባበትም።"

ሳቢር ወደ መኪናው አጎነበሰ። ስፌቱን ቀጠለ። የሚያሳጥረውን ሱሪ ግን አንደኛውን እግር ከሌላው አሳጥሮ ሰፋው።

አዲሱ ስልክ ደግሞ ነገሩን ይብስ አከበደው። አሚራ ኢሞ የሚባለውን ከፍታ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር እንደሚቻል አሳየችው። ሳቢር ይህን ሲሰማ ላብ አጠመቀው። እስከ ዛሬ ድምፁን ብቻ ነበር የሚልከው፤ አሁን ፊቱን ሊልክ ነው። ከዚያም የባሰ ነገር ነበር። ኢንተርኔቱ መካነ ሰላም ከገባ ገና ጥቂት ጊዜው ስለሆነ እንደ ልብ አይገኝም። በሳቢር በረንዳ ላይ የለም፤ በገበያው መሀልም የለም። ስልኩን ከፍ አድርገው ሲዞሩ ሲዞሩ ያገኙት በይርዳው ሱቅ ውስጥ ነው። እሱም በሱቁ ሁሉ አይደለም፤ ጉብታው ላይ ወዳለው የኔትወርክ ማማ በሚያየው መስኮት ሥር፣ ልክ ደንበኛ የሚቆረጥበት ወንበር ላይ። ከወንበሩ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ካሉ ይጠፋል።

"ደህና" አለ ይርዳው። "ግን ሕግ አለ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳይቆረጥ የተነሣ ሰው የለም። ሱቁ ገድ ያጣል።"

በዚህ ዓይነት፣ ሊደውል እየተቀመጠ አፍሮ ሲነሣ፣ የሳቢር ፀጉር በሳምንት ውስጥ አለቀ። አንድ ቀን ጎኑን፣ አንድ ቀን ኋላውን፣ አንድ ቀን "ለማስተካከል" እየተባለ ሲነሣለት፣ ፈትሂያን ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ባያት ዕለት ራሱ እንደ ቅል ነበር። አንገቱ ላይ የፀጉር ቤቱ ጨርቅ ታስሮ፣ ጆሮው ላይ ሳሙና ተቀብቶ ብቅ ሲልባት ፈትሂያ ከሳቋ የተነሣ ስልኩን ጣለችው። ለትንሽ ጊዜ ሳቢር የሚያየው የኩዌትን ኮርኒስ ነበር።

ስልኩን ስታነሣው "ደህና ነሽ?" አላት።

"ደህና ነኝ። አንተስ? ፀጉርህን ምን በላው?"

"አልሐምዱሊላህ። ዝናቡ ደህና ነው።"

"ሌላስ?"

ሳቢር ተነፈሰ። ትመጫለሽ ወይ ሊላት አፉን ከፈተ። "የእማማ በለጡ ላም ወለደች" አለ።

ፈትሂያ ትክ ብላ አየችው። "እንኳን ማርያም ማረቻት በላቸው" አለች፤ ከዚያ የምትሠራበት ቤት እመቤት፣ ማዳሟ፣ ጠርታት ሄደች። ከሳቢር ኋላ ምላጭ ይዞ የቆመው ይርዳው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። የራሱን አይደለም፤ የሳቢርን።

"ላም!" አለ። "አንተ ሰውዬ፣ ላም!"

የሽማግሌውን ነገር ያመጣው ይርዳው ነው። "አንተ እንደማትናገር ተረድቻለሁ" አለው። "ግን የሚናገርልህ ማን ሊጠፋ? ወግ አለ እኮ። ሽማግሌ ላክባት።"

"ኩዌት?"

"በስልኩ!"

ሳቢር መጀመሪያ ሳቀ። ሲያስበው ግን ሌላ መንገድ አልታየውም። ጋሼ ንጉሡ ጋ ሄዱ። ጋሼ ንጉሡ መካነ ሰላም ባለችበት በቦረና ወረዳ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳሩት ጎረምሳ የለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በሳቸው ይሸመገላል። ነገሩን አዳምጠው ሲያበቁ አገጫቸውን አሹ። "ሽማግሌ የሚላከው ለአባት ነው" አሉ። ሌላውን ሽማግሌ ሐጂ አሕመድኑርን ጨምረው ወደ ሼህ ሷሊህ ሄዱ። ሼህ ሷሊህ ልጆችን ቁርኣን እያስቀሩ፣ ማንበቡን እያስተማሩ ስለነበር ዱላቸውን ሳያስቀምጡ ሰሟቸው።

"እኔ ልጄን ድሮ ሰጥቻለሁ" አሉ። "የሰጠሁትን መልሼ አልያዝኩም። ቀኑን የያዘችው እሷ ናት፤ እሷን ጠይቋት። እኔም ልስማው፣ እመጣለሁ።"

ለእሑድ ተቀጠረ። ያን ዕለት ረፋዱ ላይ የይርዳው ሱቅ በር ላይ ነጭ ጋቢና ነጭ ኮፍያ ሲሰበሰብ ያየ አንድ የቀበሌ ሰው ቆሞ "የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"አይ፣ የአንድ ለአንድ ነው" አለው ይርዳው፤ ሰውዬውም ሳይገባው ሄደ።

ችግሩ የመጣው ሊጀመር ሲል ነው። ሽማግሌ ከሦስት አያንስም፤ የመጡት ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ሰው አቀስታ ከተማ ለቅሶ ሄዶ ቀርቷል።

"እኔ አለሁ" አለ ይርዳው።

"አንተ ምን ሽበት አለህና?" አሉት ጋሼ ንጉሡ።

"ሽበት የለኝም፣ ዱቄት አለኝ።" ደንበኛ ከቆረጠ በኋላ አንገት ላይ የሚነሰንሰውን ዱቄት አንሥቶ ራሱ ላይ ደፋው። ሐጂ አሕመድኑር "አዑዙ ቢላህ" አሉ፤ ግን ሳቁ፤ የሳቀ ሽማግሌ ደግሞ ፈቅዷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከበደ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚናገረው። ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለው ወንበሩ ላይ ብቻ ነው። ቆመው ቢሞክሩት ስልኩ ዝም አለ።

"እንግዲያው አንድ ሰው ይቀመጥና ስልኩን ይያዝልን" አሉ ጋሼ ንጉሡ። "እኛ ፊት ለፊቱ እንቆማለን።"

"ማን?"

ከመካከላቸው ስልኩን መክፈት የሚያውቀው ሳቢር ብቻ ነው። ሳቢር ደግሞ በወጉ መሠረት እዚያ መገኘት የለበትም፤ ሽማግሌ የላከ ሰው ሽማግሌዎቹ በሚናገሩበት ቦታ አይታይም። ጋሼ ንጉሡ ጣራውን አዩ። ሐጂ መሬቱን አዩ። ይርዳው ግን ጨርቁን አየ። ሳቢርን ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ጨርቁን ከራሱ ጀምሮ እስከ ጉልበቱ አለበሰው። ለዓይኑና ለእጁ ብቻ ክፍተት ተወለት።

"የለህም" አለው። "አንተ ደንበኛ ነህ።"

ስልኩ ሁለት ዓይን አለው፤ አንዱ በፊቱ፣ አንዱ በጀርባው። ሳቢር በጀርባው ዓይን ወደ ሽማግሌዎቹ አዙሮ ደወለ። ስለዚህ ፈትሂያ የምታየው ሽማግሌዎቹን ነው፤ ሽማግሌዎቹም የሚናገሩት ለስልኩ ጀርባ ነው። የእሷን ፊት የሚያየው ከጨርቁ ሥር ያለው ሳቢር ብቻ ነበር። ሼህ ሷሊህ ደንበኛ ተራ በሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሳቸው ተጠያቂ ስለሆኑ መቀመጥ ይችላሉ።

ፈትሂያ ብቅ አለች። ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ የለበሰ ወጥ ቤት ውስጥ ናት፤ ሻሿን እንደነገሩ ጣል አድርጋለች። ሦስቱን ሰዎች ስታይ ደነገጠች።

"አሰላሙ አለይኩም! ምን ሆናችሁ? አባዬ ደህና ናቸው?"

"ደህና ነኝ፣ አለሁ" አሉ ሼህ ሷሊህ ከአግዳሚው ላይ።

"ኧረ ተቀመጡ! ለምን ቆማችሁ?"

"አንቀመጥም" አሉ ጋሼ ንጉሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው። "ነገር ይዘን መጥተናል። ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

ፈትሂያ ነገሩ ገባትና በሻሿ ጫፍ ሳቋን ሸፈነች። "አቶ ይርዳው፣ ሽበት እንዴት በአንድ ጊዜ ወረደብዎት?"

"በሐሳብ ነው" አለ ይርዳው። "ያንቺው ጉዳይ ነው ያሸበተኝ።"

ጋሼ ንጉሡ በክርናቸው ጎሸሙትና ጀመሩ። ከአያቶቿ ደግነት ተነሥተው፣ በአባቷ ዕውቀት አልፈው፣ በራሷ ጨዋነት በኩል ዞረው መጡ። ከዚያ "የላከን ልጃችን ሳቢር ነው" አሉ። "ለዓረፋ እገባለሁ ብለሽ ነበር። ቃልሽ እንዳለ ነው ወይ?"

"ሳቢር የት ነው?" አለች ፈትሂያ።

"እሱማ እዚህ አይገኝም። ነውር ነው።"

"ታዲያ ስልኩን የያዘው ማን ነው?"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ይርዳው ዞሩ።

"ደንበኛ ነው" አለ ይርዳው። "ሊላጭ መጥቶ ነው።"

"ደንበኛው እጁ ይንቀጠቀጣል። ሁላችሁም እየተወዛወዛችሁ ነው የምትታዩኝ።"

"ምላጭ ይፈራል፣ ምስኪን።"

ሳቢር ከጨርቁ ሥር ሌላውን እጁን ጨመረበት። በሁለት እጁ ቢይዘውም ሥዕሉ መወዛወዙን አልተወም።

ፈትሂያ መሳቋን አቆመች። "ጋሼ ንጉሡ፣ ለእናንተ አልዋሽም" አለች። "ፈርሜያለሁ። የስልኩ ኮንትራት ሲያልቅ ማዳም 'ትፈርሚያለሽ ወይስ አገርሽ ትገቢያለሽ?' አለችኝ። አገርሽ ስትለኝ፣ ማን ነይ ብሎኝ ነው የምገባው አልኩ። አባዬ 'አላህ ካለ' ይሉኛል። እናቴ 'እንደ ሰው ሠርተሽ' ትለኛለች። ሳቢር በየጁምዓው ስለ ዝናቡ ይነግረኛል። ስለ ጤፉ ነገረኝ። የገበያውን ወሬ ነገረኝ። ይኸው አሁን የእማማ በለጡ ላም መውለዷን ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ግን 'ነይ' ብሎኝ አያውቅም። እንግዲህ ነይ ያላሉት ሰው ምን ብሎ ይመጣል?"

ሐጂ አሕመድኑር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ሽማግሌ መላክ እኮ ነይ ማለት ነው።"

"እሱ ለአባዬ ነው ሐጂ። እኔ የእናንተን ድምፅ ነው የሰማሁት። የእሱን አልሰማሁም።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይህ በወጋቸው ውስጥ መልስ የለውም። ሐጂ "ወንድ ልጅ እንዲህ በገሃድ አይናገርም" አሉ፤ ጋሼ ንጉሡ "በኛ ጊዜ አይናገርም ነበር" ብለው አረሙ፤ ይርዳው "በኔ ጊዜ ይናገራል" አለ፤ ሐጂም "አንተ በምን ቤት ሽማግሌ ሆንክና" አሉት። ሦስቱ ፊታቸውን ከስልኩ መልሰው መከራከር ጀመሩ።

ፈትሂያም የሚያያት እንደሌለ መሰላት። ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፤ ሻሿን ሳበችና በጫፉ ዓይኗን ጠረገች። አንዴ ብቻ ነው፤ ቶሎ ብላ ነው። ከዚያ ፊቷን መልሳ ሽማግሌ የሚጠብቅ ሰው ፊት አደረገች።

ይህን ሳቢር አየ። አምስት ሰው ባለበት ቤት ያየው እሱ ብቻ ነበር። በአሮጌው ስልክ ቢሆን ኖሮ፣ ዓይኑ ስፌቱ ላይ ሆኖ፣ አይሰማውም ነበር፤ ዓይን ሲጠረግ ድምፅ የለውምና። ስንት ጁምዓ ስለ ዝናቡ ሲያወራላት እንዲህ ጠርጋ ይሆን? ይህ ሐሳብ ከሃፍረቱ በለጠበት።

ጨርቁን ከራሱ ላይ ገፈፈው። ስልኩን ወደ ራሱ ለማዞር የተሳሳተውን ቦታ ነካና ፈትሂያ ጨለመች፤ ደንግጦ ሌላውን ነካ፤ ተመለሰች፤ ሦስተኛውን ሲነካ የራሱ ፊት፣ የተላጨ ጭንቅላቱና የቀላው ጆሮው በስልኩ ጥግ ላይ ታየ። ፈትሂያም አየችው።

"ነይ" አለ።

የወጣው ድምፅ ትንኝ የሚያክል ነበር። ሽማግሌዎቹ ክርክራቸውን አቆሙ።

"አልተሰማኝም" አለች ፈትሂያ።

"ነይ።"

"ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፤ ይቆራረጣል። ምን አልክ?"

ኔትወርኩ ያን ዕለት እንዳማረበት አምሮ አያውቅም፤ ከንፈሯ ዳር ላይ የሾለከችውን ፈገግታ ሳይቀር ያሳያል። ሳቢር ይህን እያየ፣ እየተቀለደበት መሆኑን እያወቀ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሣ ደረቱ የያዘውን አየር ሁሉ ሰበሰበ።

"ነይ! ፈትሂያ፣ ነይ!"

ስሱ ግድግዳ አላገደውም። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ደንበኞች ቀጥ አሉ። በበሩ የምታልፍ ሴት "እኔን ነው?" ብላ ዞር አለች። ሼህ ሷሊህ ፊታቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፈትሂያ ራሷን ወደ ታች ነቀነቀች። አፏን ከፈተች፤ ልትናገር ስትል ሥዕሏ ቆመ፤ የምትዞር ትንሽ ክብ መጣች፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ጠፋ። ኔትወርኩ የምሩን ሄደ።

"ምን አለች?" አሉ ጋሼ ንጉሡ።

"እሺ ብላለች" አለ ሳቢር።

"አልሰማንም።"

"ራሷን ነቀነቀች።"

"ማን አየ?"

"እኔ።"

ሐጂ አሕመድኑር እጃቸውን አወዛወዙ። "አይሆንም። የጠያቂ ምስክርነት አይያዝም። እሷ ላይ ታች ብትነቀንቅም ግራ ቀኝ ብትነቀንቅም አንተ እሺ አለች ነው የምትለው።"

"ወላሂ ነቅንቃለች!"

"ደንበኛው ዛሬ አፍ አውጥቷል" አለ ይርዳው።

ሳቢር ደጋግሞ ደወለ፤ ስልኩ ግን አልመለሰም። ሽማግሌዎቹም እንደቆሙ ቀሩ፤ ሐጂ አንዱን እግራቸውን አሳርፈው በሌላው ቆሙ። እንዲህ ሆነው ሳሉ ከሼህ ሷሊህ ጀለቢያ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ባለ ቁልፍ ናት፤ ኢንተርኔት የት እንዳለ አታውቅም፣ ግድም የላት። ሼሁ ከፍተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

"አቤት ልጄ... አዎ፣ እዚሁ ናቸው... እ... እ..." ሁሉም የሼሁን አፍ አፍ አዩ። ሼሁ ግን ፊታቸው እንደ ተዘጋ በር ነው። "ዝናቡ? ዝናቡማ ደህና ነው..." ጋሼ ንጉሡ ጋቢያቸውን ነከሱ። "እ... ኢንሻአላህ። እሺ። በርቺ።" ስልኩን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱ፤ ከዚያም ጥምጣማቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉ።

"ሼህ፣ በአላህ!" አለ ይርዳው።

"ለዓረፋ አትደርስም" አሉ ሼሁ።

ሳቢር ወንበሩ ላይ ሟሸሸ።

"ማዳሟ ሌላ ሠራተኛ እስክታገኝ ቆይታ፣ ለመውሊድ ትገባለች። ስልኩንም ኮንትራቱንም እዚያው አብራት ላለች ለአንድ የአቀስታ ልጅ ታዞረዋለች። 'ለሽማግሌዎቹ እሺ ብያለሁ በሉልኝ፣ እግራቸው እንዳያብጥ' ብላለች።"

ጋሼ ንጉሡ "ተመስገን" ብለው አግዳሚው ላይ ከሼሁ ጎን ዘፍ አሉ። ሐጂም ተከተሏቸው። ይርዳው ራሱ ላይ ያለውን ዱቄት እያራገፈ ሁሉንም አስነጠሳቸው።

ወሬው ከሰዓት ሳይደርስ ገበያውን አዳረሰ። ሳቢር ወደ ስፌቱ ሲመለስ ያላሾፈበት ሰው የለም፤ ጨው ነጋዴዎቹ ባለፈ ባገደመ ቁጥር "ነይ!" እያሉ ይጠሩታል። እሱም ይስቃል። የጠየቁትን ሁሉ ይመልሳል፤ ለምን እንደጮኸ፣ ሐጂ ምን እንዳሉ፣ መውሊድ መቼ እንደሚውል።

ማታ ሱቃቸውን ሲዘጉ ይርዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተጠጋው።

"ለኔ ብቻ ንገረኝ" አለው። "ያን ጊዜ ከጨርቁ ሥር ሆነህ ምን አየህ? እንደዚያ ያስጮኸህ ምንድን ነው?"

ሳቢር ቀና ብሎ ፊቱን አየው። ከዚያ የስፌት መኪናውን ሸፈነና "ጎረቤቴ፣ ደህና እደር" ብሎት ሄደ።